ሁለት ቀይ ጋላክሲ፣ ሁለት ዕድሜ፦ ኢንፍራሬድ እንዴት ይለያቸዋል?

ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ኤሊፕቲካል ጋላክሲዎች እያነበብኩ ነው። እነዚያ ጠመዝማዛ ክንድ የሌላቸው፣ አንዳንዱ ክብ፣ አንዳንዱ እንቁላል የሚመስሉት ማለቴ ነው። በጣም ወድጃቸዋለሁ፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ግራ ገብቶኛል።

እስካሁን የገባኝ ይሄ ነው። ትልልቆቹ ሰማያዊ ኮከቦች ቶሎ ይሞታሉ። ጋላክሲው አዲስ ኮከብ መውለድ ካቆመ የሚቀሩት ትንንሾቹና ቀያዮቹ ናቸው። ስለዚህ ቀይ ማለት አሮጌ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ሌላ ጽሑፍ ሳነብ፣ ቀለም ብቻውን አያስተማምንም፣ ሁለት ጋላክሲዎች እኩል ቀልተው አንዱ የ5 ቢሊዮን ሌላው የ10 ቢሊዮን ዓመት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ከሚለዩባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ ኮከቦቻቸው የሚያወጡት ኢንፍራሬድ ነው ይላል። እንዴት እንደሆነ ግን አላብራራም።

ኢንፍራሬድ ከቀይ ቀጥሎ ያለ ብርሃን ከሆነ፣ ቀይ ያልነገረንን ምን ሊነግረን ነው? ደግሞም ኤሊፕቲካሎች አቧራ የላቸውም ሲባል ነው የሰማሁት፤ ጽሑፉ ግን መላልሶ የሚያወራው ስለ አቧራ ነው። እና አንድም ኮከብ ለብቻው ሳይታይ የኮከብ ዕድሜ ይለካል ሲባል ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ትንሽ ፊዚክስ ስላለኝ ቁጥር ብትጨምሩበት አይከብደኝም።

ሌሊት ጠባቂ

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከሱ ነው።

ኮከቦቹን አንድ በአንድ ማየት ብንችል ይሄ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር። በራሳችን ጋላክሲ ዙሪያ ያሉት ሉላዊ የኮከብ ክምችቶች ዕድሜያቸው የሚለካው እንደዛ ነው። የእያንዳንዱን ኮከብ ብሩህነትና ቀለም ግራፍ ላይ ታስቀምጫለሽ። ከዚያ በእምብርቱ ያለውን ሃይድሮጅን ጨርሶ ወደ ቀይ ግዙፍነት እየተቀየረ ያለው የትኛው ክብደት ላይ ያለ ኮከብ እንደሆነ ታያለሽ። ከዚያ የከበዱት ሁሉ አልቀዋል፣ የቀለሉት ገና አሉ። ስለዚህ ዕድሜው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ብዙዎቹ ከ11 እስከ 13 ቢሊዮን ዓመት ይሆናሉ። ነገር ግን በርካታ ኤሊፕቲካሎች የሚገኙበት የቪርጎ ክላስተር (የጋላክሲዎች ስብስብ ነው) ከእኛ ወደ 54 ሚሊዮን ብርሃን ዓመት ይርቃል። እዚያ ካለ አንድ ትልቅ ጋላክሲ የሚደርሰን በመቶ ቢሊዮን የሚቆጠሩ ኮከቦች ብርሃን ተቀላቅሎ ነው። የእኛ ሥራ ከቅልቅሉ ተነስተን ቅመሙን ማወቅ ነው።

ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ነው። አንድን የኮከብ ስብስብ ቀይ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ አንቺ ያልሽው ዕድሜ ነው። ሌላው የብረት መጠን ነው። በዚህ ሙያ ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም የከበደው ሁሉ፣ ኦክስጅንና ካርቦን ሳይቀር፣ «ብረት» ይባላል። ብረት የበዛበት ኮከብ ብርሃኑ በቀላሉ አያልፍም፣ በተለይ ሰማያዊው ይዋጣል፤ የኮከቡ የላይኛው ክፍል ሰፋ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ ይቀላልም። በ1994 ጋይ ወርዚ ይሄን በቁጥር አሳይቷል። ዕድሜውን 3 እጥፍ ብታደርጊው የሚመጣው የቀለም ለውጥ፣ ብረቱን 2 እጥፍ ብታደርጊው ከሚመጣው ጋር በጣም ይቀራረባል። ያ ማለት ብረት የበዛበት ወጣት ጋላክሲና ብረት ያነሰው አሮጌ ጋላክሲ ጎን ለጎን ብታስቀምጫቸው በቀለም ላትለያቸው ትችያለሽ። ያነበብሽው የ5 እና የ10 ቢሊዮን ነገር ይሄው ነው።

ስለ አቧራው ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው እዚህ ስላለ ለሱ ልተወው።

ስፔክትረም

እሺ፣ አቧራውን እኔ ልያዘው። በጣም የምወደው ክፍል ስለሆነ ረዘም ካለብኝ ታገሡኝ።

ጀማሪዋ፣ «ከቀይ ቀጥሎ ያለ ብርሃን» ያልሽው ለቅርቡ ኢንፍራሬድ ልክ ነው። 2 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺህኛ ነው) አካባቢ የምናየው የኮከቦቹን የራሳቸውን ገጽ ነው፤ በአብዛኛው የቀይ ግዙፎቹን። ወደ 10 ማይክሮን ስትሄጂ ግን የምታይው ነገር ራሱ ይቀየራል። አንድ የጋለ ነገር በየትኛው የሞገድ ርዝመት አብልጦ እንደሚያበራ ለማወቅ 2900ን በሙቀቱ (በኬልቪን) አካፍዪው፣ መልሱ በማይክሮን ይወጣል። 3500 ዲግሪ ያለው ቀይ ግዙፍ 0.8 ማይክሮን ላይ ነው ጫፉ። 10 ማይክሮን ላይ ጫፉን የሚያሳይ ነገር 300 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። እንዲህ የቀዘቀዘ ኮከብ ከኤሊፕቲካል ጋላክሲ ርቀት አይታየንም። ስለዚህ 10 ማይክሮን ላይ ኮከቦቹ ብቻቸውን ሊሰጡ ከሚችሉት በላይ ብርሃን ካገኘን፣ ትርፉ የሚመጣው ከሌላ ነገር ነው። ያ ነገር በኮከብ ዙሪያ ያለ ሞቅ ያለ አቧራ ነው።

ከየት መጣ? ፀሐይን የመሰለ ወይም በተወሰነ እጥፍ የሚበልጣት ኮከብ በእምብርቱ ያለውን ሃይድሮጅን ከጨረሰ፣ ከዚያም ሂሊየሙን ከጨረሰ በኋላ፣ የካርቦንና የኦክስጅን እምብርት ይዞ በጣም ይነፋል። ስፋቱ የምድርን ምሕዋር የሚያክልበት ጊዜ አለ። ይሄ ደረጃ ኤጂቢ ይባላል። ኮከቡ እያጣጣረ ነው ማለት ይቻላል፤ ይነፋል፣ ይጨማተራል፣ እንደገና ይነፋል። ሚራ የምትባለው ኮከብ እንዲህ ናት፣ በ11 ወር ገደማ አንዴ ትደምቃለች፣ ከዚያ በዓይን እስከማትታይ ትደበዝዛለች። በእያንዳንዱ ምት ከላይኛው ክፍሉ ጋዝ ወደ ውጭ ይገፋል። ጋዙ እየራቀ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በውስጡ ጠጣር ቅንጣት ይረጋል። ኦክስጅን የበዛበት ኮከብ ሲሊኬት ያወጣል፣ ማለትም የአሸዋና የድንጋይ ዓይነት ቅንጣት። ካርቦን የበዛበት ደግሞ ጥላሸት የመሰለ ነገር ያወጣል። ማለቂያው ላይ አንዳንዱ ኮከብ በዓመት የፀሐይን ክብደት መቶ ሺህኛ ያህል ይጥላል። አቧራው የኮከቡን ብርሃን ውጦ ይሞቅና መልሶ በኢንፍራሬድ ያወጣዋል። ሲሊኬት ከሆነ 10 ማይክሮን አካባቢ ሰፊ ጉብታ ይሠራል። ስፔክትረሙ ላይ፣ ማለትም ብርሃኑ በሞገድ ርዝመት ተዘርዝሮ በተሳለበት ግራፍ ላይ፣ ያን ጉብታ አንዴ ካየሽው ሌላ ጊዜ አይጠፋሽም።

አሁን ወደ ዕድሜው። አዲስ ኮከብ የማይወለድበት ጋላክሲ ውስጥ «ዛሬ እያጣጣረ ያለው ኮከብ ክብደቱ ስንት ነው?» ብለሽ ብትጠይቂ መልሱ የጋላክሲው ዕድሜ ነው። የፀሐይን 2 እጥፍ የሚመዝን ኮከብ ወደ 1 ቢሊዮን ዓመት ይኖራል። 1.5 እጥፍ የሆነው ወደ 3 ቢሊዮን። ፀሐይን የሚያክለው 10 ቢሊዮን ገደማ። ስለዚህ ኮከቦቹ ከተወለዱ 3 ቢሊዮን ዓመት በሆነበት ጋላክሲ እያጣጠሩ ያሉት ከበድ ያሉ ናቸው፤ ይደምቃሉ፣ ብዙም ይጥላሉ፣ አቧራቸው ወፍራም ነው። 10 ቢሊዮን በሆነበት ጋላክሲ ግን ቀለል ያሉት ተራቸው ደርሷል፤ የሚጥሉት ትንሽ ነው፣ አቧራቸውም ስስ። 10 ማይክሮን ላይ ያለውን ብርሃን 2 ማይክሮን ላይ ላለው ብታካፍዪው ቁጥሩ ጋላክሲው ሲያረጅ እየቀነሰ ይሄዳል።

አቧራ የላቸውም የተባለውም ውሸት አይደለም። የላቸውም የሚባለው እንደ እኛ ጋላክሲ በኮከቦች መካከል በደመና መልክ የተንጣለለ ብዙ አቧራ ነው። በእያንዳንዱ አጣጣሪ ኮከብ ዙሪያ ያለው መጎናጸፊያ ግን አለ። አቧራው ከኮከቡ ርቆ ሲበተን በትልልቆቹ ኤሊፕቲካሎች ውስጥ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ የጋለ ጋዝ ይቀበለዋል፣ ቅንጣቶቹን እየላጠ ያጠፋቸዋል። ስለዚህ ሁሌ ይመረታል፣ ሁሌም ይጠፋል። እኛ የምናየው ገና ከእናቱ ጉያ ያልወጣውን ነው።

ጀማሪዋ

ይሄ በጣም ግሩም ነው፣ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። «ዛሬ እያጣጣረ ያለው ማን ነው» የሚለው ጥያቄ ሁሉንም ነገር አስተካከለልኝ።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አቧራ የሚሠራው ከሲሊኮን፣ ከእውነተኛው ብረት፣ ከኦክስጅን አይደል? ታዲያ ብረት የበዛበት ጋላክሲ አቧራውም ይበዛ የለም እንዴ? ከሆነ 10 ማይክሮን ላይ ትርፍ ባይ ጋላክሲው ወጣት ይሁን ብረት የበዛበት አሁንም አላውቅም ማለት ነው። ያው እዚያው ተመለስን ማለት አይደለም?

ስፔክትረም

አይደለም፣ ግን ጥያቄሽ ዋናውን ነጥብ ነክቶታል። አዎ፣ ብረት ሲበዛ አቧራም ይበዛል። 10 ማይክሮንን ብቻ ብትይዢ ትሳሳቻለሽ።

አቅጣጫዎቹን ተመልከቺ። በሚታየው ብርሃን፣ ዕድሜ ሲጨምር ጋላክሲው ይቀላል፣ ብረት ሲጨምርም ይቀላል። ሁለቱ ወደ አንድ ጎን ነው የሚገፉት፣ ለዚህ ነው የማይለዩት። በመካከለኛው ኢንፍራሬድ (10 ማይክሮን አካባቢ) ግን ዕድሜ ሲጨምር ትርፉ ይቀንሳል፣ ብረት ሲጨምር ትርፉ ይጨምራል። ተቃራኒ ናቸው! ስለዚህ ወረቀት ላይ አንዱን ጠርዝ የሚታየው ብርሃን ቀለም፣ ሌላውን ጠርዝ የ10 ማይክሮኑ ትርፍ አድርገሽ ብትስዪ፣ የዕድሜና የብረት መስመሮቹ ተደራርበው አይተኙም፣ ይጠላለፋሉ። ጋላክሲሽ የሚያርፍበት ነጥብ ሁለቱንም ይነግርሻል። ያንቺን ሁለት ቀይ ጋላክሲዎች ውሰጂ። የ5 ቢሊዮን ዓመቱ ከ10 ቢሊዮኑ እኩል የቀላው ብረት ስለበዛበት ነው፤ ስለዚህ 10 ማይክሮን ላይ በዕድሜውም በብረቱም በኩል ትርፍ ያገኛል። አሮጌው በሁለቱም በኩል ይቀንሳል። በቀለም የተጣበቁት እዚህ ይራራቃሉ። አሌሳንድሮ ብሬሳንና ባልደረቦቹ በ1998 በሞዴል ያሳዩት ይሄንኑ ነው፤ የኤጂቢ ኮከቦችን አቧራ በስሌቱ ውስጥ አስገብተው።

ለመለካት ግን ጊዜ ወሰደ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ምድርም ከባቢ አየሯም ቴሌስኮፑም ራሱ ወደ 300 ዲግሪ ኬልቪን ናቸው፣ ስለዚህ ሁሉም 10 ማይክሮን ላይ ያበራሉ። እንደ ቀን ብርሃን ነው፣ ደብዛዛ ጋላክሲ በዚያ መሀል መፈለግ በጠራራ ፀሐይ ኮከብ መፈለግ ነው። በ2003 ወደ ጠፈር የተላከው ስፒትዘር ቴሌስኮፕ መስታወቱ 85 ሴንቲሜትር ብቻ ነበር፤ ግን በፈሳሽ ሂሊየም የቀዘቀዘ ነበር፣ ያ ነው ለውጡን ያመጣው። በ2006 የብሬሳን ቡድን ከቪርጎ ክላስተር 17 ኤሊፕቲካልና የነሱ ዓይነት ጋላክሲዎችን አይቶ በ13ቱ ላይ የሲሊኬቱን ጉብታ አገኘ። እኔን ያሳመነኝ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ነው። ከመሀል ብቻ አልነበረም፤ ኮከቦቹ በተበተኑበት ልክ ተበትኖ ነበር የተገኘው። ከአንድ ብላክ ሆል ዙሪያ ቢሆን መሀል ላይ ይከማች ነበር።

አመዛዛኝ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ጀማሪዋ ይሄን ይዛ «ዕድሜው 7.3 ቢሊዮን ነው» እንዳትል ጥቂት ነገር ልጨምር። በዚህ ጉዳይ ላይ እልህ አለኝ፣ ምክንያቱም አንድ ቁጥር ብቻውን ተጽፎ ሳይ ሰዎች ከሚገባው በላይ ያምኑታል።

መጀመሪያ፣ «የጋላክሲው ዕድሜ» ሲባል የኮከቦቹ አማካይ ዕድሜ ነው፤ አማካዩ ደግሞ በብርሃን የተመዘነ ነው እንጂ በክብደት አይደለም። ወጣት ኮከብ ለክብደቱ በጣም ይደምቃል። በቢሊዮን ዓመታት ዕድሜ ባለው ጋላክሲ ላይ ከክብደቱ 1 በመቶ ብቻ የሚሆን አዲስ ኮከብ በቅርቡ ቢወለድ አማካዩ ብዙ ይወርዳል። 99 በመቶው እንደ አሮጌነቱ እያለ ማለት ነው። ኤም 32 የምትባለው ትንሽ ኤሊፕቲካል ጥሩ ምሳሌ ናት። 2.5 ሚሊዮን ብርሃን ዓመት ላይ ስለሆነች ቅርብ ናት፣ ብዙ ተጠንታለች፣ እና ጥቂት ቢሊዮን ዓመት የሆናቸውና ከነሱ በጣም የሚያረጁ ኮከቦች ተቀላቅለው ነው የተገኙባት። ለሷ አንድ ዕድሜ መጻፍ ምን ትርጉም አለው?

ሁለተኛው ነገር አቧራው ሁሌ የኮከብ አይደለም። ከነዚያ 17 ጋላክሲዎች የቀሩት 4ቱ ሌላ ነገር ነው ያሳዩት። አንዱ ኤም 87 ነው፣ መሀሉ ላይ ያለው ብላክ ሆል የራሱን ኢንፍራሬድ ይጨምራል። ሌላው ላይ ደግሞ ካርቦን የበዛባቸው ትልልቅ ሞለኪውሎች መስመር ታይቷል፣ ያ ደግሞ ኮከብ እየተወለደ መሆኑን ይጠቁማል። ስፔክትረም ካለሽ እነዚህን ለይተሽ ታወጫለሽ። ፎቶ ብቻ ካለሽ ግን 10 ማይክሮን ላይ ያለው ትርፍ ከየት እንደመጣ አታውቂም። ከ24 ማይክሮን በላይ ስትሄጂ ይባስ ብሎ በኮከቦች መካከል ያለው ቀዝቃዛ አቧራ ይገባበታል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሞዴሉ ነው። የኤጂቢ ደረጃ አጭር ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ለኮከቡ 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ ከ10 ቢሊዮን ዓመት ሕይወት። ያጣጠሩት ጥቂት ናቸው ማለት ነው፣ ግን ብርሃናቸው ትልቅ ድርሻ አለው። ስንት ጊዜ ይቆያሉ፣ በዓመት ምን ያህል ይጥላሉ የሚለውን ከመሠረታዊ ፊዚክስ በቀጥታ ማውጣት አልተቻለም፤ ከቅርብ ኮከቦች እየተለካ ነው የሚገባው። በ2005 ክላውዲያ ማራስተን ባወጣቻቸው ሞዴሎች እነዚህ ኮከቦች 1 ቢሊዮን ዓመት አካባቢ በሆነ ጋላክሲ ለቅርቡ ኢንፍራሬድ በጣም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ከዚያ በፊት በስፋት የሚሠራባቸው ሞዴሎች ግን ያን ያህል አልሰጧቸውም። ሰዎች ለዓመታት ተከራከሩበት። አንዱን ሞዴል ትተሽ ሌላውን ስትይዢ ዕድሜው ይቀየራል።

እና ከ8 ወይም ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ መስመሩ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጋላክሲው ከ10 ወደ 12 ቢሊዮን ዓመት ሲሄድ አጣጣሪው ክብደቱ በጥቂቱ ነው የሚለወጠው። ይሄ ዘዴ ጎበዝ የሚሆነው «ይሄ ጋላክሲ በእርግጥ አሮጌ ነው ወይስ መካከለኛ ዕድሜ ያላቸው ኮከቦች ተደብቀውበታል?» ለሚለው ነው።

ሌሊት ጠባቂ

አመዛዛኝ ያለው ሁሉ ያስኬዳል። እኔ የምጨምረው፣ የቀድሞዎቹ ዘዴዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። በሚታየው ብርሃን ዕድሜ ለመለካት ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው የሃይድሮጅን መስመር ነው (ሃይድሮጅን ብርሃኑን የሚውጥበት ጥቁር መስመር)፣ ኤች ቤታ የሚባለው፣ 486 ናኖሜትር ላይ ያለው። ወጣት የሆነ ስብስብ ላይ ይጠልቃል። ግን አሮጌ ሆነው ሳለ ትኩስና ሰማያዊ የሚሆኑ ሂሊየም የሚያነዱ ኮከቦች አሉ፤ እነሱ መስመሩን አጥልቀው አሮጌውን ወጣት ያስመስሉታል። እነዚያ ኮከቦች 10 ማይክሮን ላይ ምንም አይጨምሩም። ለዚህ ነው ሁለቱን ዘዴዎች ጎን ለጎን ማስኬድ የሚጠቅመው፦ የሚሳሳቱበት ምክንያት የተለያየ ነው።

ጀማሪዋ

አሁን ቁልጭ ብሎ ገባኝ። የመጨረሻ አንድ ጥያቄ። አሁን ያለው ትልቁ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከስፒትዘር እጅግ ይበልጣል። በጣም ሩቅ ያሉትን ኤሊፕቲካሎች በዚሁ ዘዴ መለካት ይቻላል? እና ብርሃኑ የመጣበት ጊዜ ከዕድሜው ጋር ይደመራል ወይ?

ስፔክትረም

ለቪርጎ ብዙም አያሳስብሽ፣ 54 ሚሊዮን ዓመት ከ10 ቢሊዮን አንፃር ኢምንት ነው። ለሩቆቹ ግን የምትለኪው ብርሃኑ የተነሳበት ጊዜ የነበራቸውን ዕድሜ ነው።

ጄምስ ዌብ ላይ ኤምአይሪ የሚባለው መሣሪያ ከ5 እስከ 28 ማይክሮን ያያል። ቅርብ ላሉት ኤሊፕቲካሎች የሲሊኬቱን ጉብታ ለማየት ድንቅ ነው፣ ከመሀል እስከ ዳር ከፋፍሎ ማየትም ይችላል። ሩቅ ስትሄጂ ግን ጽንፈ ዓለሙ ሲሰፋ ሞገዱም አብሮ ይለጠጣል። ቀይ ፈቀቅታው 2 የሆነ ጋላክሲ ብርሃኑ ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዟል፣ ሞገዱም 3 እጥፍ ተለጥጧል። ያ 10 ማይክሮን ላይ የነበረው ጉብታ 30 ማይክሮን ላይ ያርፋል፣ ከመሣሪያው ገደብ ውጭ። እዚያ ርቀት ላይ በብዛት የሚሠራው ሌሊት ጠባቂ በጠቀሳቸው የሃይድሮጅን መስመሮች ነው፤ እነሱ ደግሞ ተለጥጠው ወደ ቅርቡ ኢንፍራሬድ ስለሚገቡ ለጄምስ ዌብ ይመቻሉ። ደግሞም ያኔ ጽንፈ ዓለሙ ራሱ ገና 3.3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስለነበረ ከዚያ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው መልስ ሁሉ በቅድሚያ ይወድቃል።

ቅርብ ካሉት መጀመር ከፈለግሽ የስፒትዘር መረጃ በነፃ ለሁሉም ክፍት ነው። የቪርጎዎቹን ስፔክትረም አውርደሽ 10 ማይክሮን ላይ ያለውን ጉብታ ራስሽ ፈልጊው። ከኤም 87 አትጀምሪ፣ በብላክ ሆሉ ምክንያት ያደናግርሻል። ጉብታውን ስታገኚ እዚህ መጥተሽ ንገሪን።